አሮጌውን የማውጫ ሰርቨር በኮንቴይነር ውስጥ ስለ ማኖር የቀረበ ሂስ

በኮምፒዩተር ሥራ ላይ በሚገኙ ሰዎች መካከል አንድ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይሰማል። ምክሩም፥ ዕድሜው የገፋ ሶፍትዌር ቢኖርህ፥ ልትተወውም ልታድሰውም ባትችል፥ በኮንቴይነር ውስጥ ክተተው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቢለወጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ቢታደስ አያሳስብህም የሚል ነው። ምክሩ ለብዙ ዐይነት ሶፍትዌር ደኅና ነው። ለማውጫ ሰርቨር ግን እንደ ተነገረ ሳይመረመር መወሰድ የለበትም የሚለውን አሳብ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ማውጫ ሰርቨር የምንለው በአንድ መሥሪያ ቤት፥ በአንድ ባንክ ወይም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማን ማን እንደ ሆነ፥ በየትኛው ክፍል እንደሚሠራ፥ የየትኛው ቡድን አባል እንደ ሆነ የሚመዘግበውን፥ የይለፍ ቃሉንም አሻራ (ሃሽ የሚሉትን) የሚያኖረውን፥ ሌሎች ፕሮግራሞችም «ይህ ሰው እውነት እርሱ ነውን?» ብለው ሲጠይቁት መልስ የሚሰጠውን ፕሮግራም ነው። የስልክ ማውጫን የሚያውቅ ሰው ነገሩን በግማሽ ያውቀዋል፤ ሌላው ግማሽ የበር ጠባቂነት ሥራ ነው። በዚህም ምክንያት ማውጫው ዝም ያለ ቀን ኢሜይሉ፥ የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ፥ የሬጅስትራሩ ፕሮግራምና ገመድ አልባው ኢንተርኔት አንድ ላይ ይዘጋሉ። ስለ ማውጫው ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በዚያ ቀን ይሰማል።

የታሪኩን ነገር በአጭሩ እንለፈው። በ1988 ኤክስ 500 የተባለው የማውጫ ደረጃ ወጣ፤ እጅግ የተሟላ፥ እጅግም የከበደ ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቲም ሃውስና ጓደኞቹ በ1993 ቀለል ያለውን ፕሮቶኮል፥ ዛሬ ኤልዳፕ የምንለውን፥ ጽፈው አወጡ። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ስላፕዲ የተባለው ራሱን የቻለ ሰርቨር በ1995 ወጣ። ከዚያ በኋላ ዘሩ በሁለት ተከፈለ። አንደኛው በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ አድጎ፥ በኤኦኤል እጅ አልፎ፥ በ2004 በሬድ ሃት ተገዝቶ፥ በ2005 ምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ተከፍቶ፥ በ2009 በፕሮቶኮሉ የበር ቍጥር 389 ተብሎ ተሰየመ። ሁለተኛው ከ1998 ጀምሮ ኦፕን ኤልዳፕ በሚል ስም የቀጠለው ነው። ሦስተኛው የፕሮቶኮሉ እትም በ1997 ወጥቶ በ2006 እንደ ገና ተስተካክሎ ተጽፏል፤ በቃሉ ረገድ ከዚያ ወዲህ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ያረጀው ሰርቨሩ እንጂ ቋንቋው አይደለም።

ለሂሳችን ምሳሌ የምናደርገው የኦፕን ኤልዳፕን 2.4 ዘር ነው። ይህ ዘር በ2007 ወጥቶ የመጨረሻው ልቀቱ 2.4.59 በ2021 ታየ። ዐሥራ አራት ዓመት ማለት በዚህ ሙያ ውስጥ አንድ ሙሉ ትውልድ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ የሚሠራ 2.4 ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ብዙዎቹም መዝገባቸውን በበርክሊ ዲቢ ላይ ያኖራሉ። የበርክሊ ዲቢ ባለቤት ኦራክል በ2013 ፈቃዱን ወደ ጠንካራው ኤጂፒኤል ስለ ለወጠው የኦፕን ኤልዳፕ ሠሪዎች ስድስተኛውን እትም ሳይቀበሉ ቀሩ፤ ኤልኤምዲቢ የተባለውን የራሳቸውን ማኅደር ከ2011 ጀምሮ አዘጋጅተው ስለ ነበር በ2.5 ልቀት፥ በ2021፥ የበርክሊን መንገድ ጨርሰው ዘጉት። ሬድ ሃትም በበኩሉ በስምንተኛው የሊኑክስ እትሙ፥ በ2019፥ የኦፕን ኤልዳፕን ሰርቨር ማቅረብ አቆመ። እንግዲህ የ2.4 ባለቤት ከላይም ከታችም መሬቱ እየሸሸበት ሄደ ማለት ነው። ኮንቴይነሩ መድኃኒት ሆኖ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

«ኮንቴይነር» የሚለው ቃል በአገራችን ጆሮ የሚያመጣው ሥዕል አለ፤ ከወደብ መጥቶ፥ ከመንኰራኵሩ ወርዶ፥ በመንገድ ዳር በር ተቈርጦለት ሱቅ የሆነው ብረት ሣጥን ነው። ሥዕሉ ለጉዳያችን ሳያውቅ ይረዳናል። ያ ሣጥን ግድግዳና ጣራ አለው፤ ወለሉ የተቀመጠበት መሬት ግን የራሱ አይደለም፤ ጎርፍ ቢመጣ ከጎረቤቶቹ ጋር ይሰጥማል። የሶፍትዌሩም ኮንቴይነር እንደዚሁ ነው። በ2013 ዶከር ከወጣ ወዲህ የተለመደው ይህ ዘዴ ፕሮግራሙን ከነቤተ ፋይሉና ከነላይብረሪዎቹ ጠቅልሎ ይይዛል፤ ከርነሉን ግን ከአስተናጋጁ ማሽን ይዋሳል። ቨርቹዋል ማሽን ከርነሉንም ይዞ ይመጣል፤ ኮንቴይነር አይመጣም። ሰዎች በምክሩ ሲደሰቱ የሚዘነጉት ይኸን ነው።

ዝንጋታውም ዋጋ ያስከፍላል። ሴንት ኦ ኤስ 6 ጂሊብሲ የተባለውን መሠረታዊ ላይብረሪ በ2.12 እትሙ ይዞ ነበር። የዚያ ዘመን ጂሊብሲ ሰዓት ለመጠየቅ ቪሲስኮል በሚባል ቋሚ አድራሻ በኩል ወደ ከርነሉ ይገባ ነበር። ይህ መንገድ ለጥቃት የተጋለጠ ስለ ሆነ ዘመናዊ ከርነሎች በብዙ ቦታ ዘግተውታል። ስለዚህ በሴንት ኦ ኤስ 6 ላይ የተሠራ ኢሜጅ በእንዲህ ያለ አስተናጋጅ ላይ ሲነሣ ሰርቨሩ ቀርቶ ሼሉ እንኳ ሳይነሣ፥ አንድ ቃል ሳይናገር፥ በ139 ቍጥር ይወድቃል። መድኃኒቱ የአስተናጋጁን ከርነል ቪሲስኮልን እንዲያስመስል አድርጎ እንደ ገና ማስነሣት ነው። ልብ በሉ፤ አሮጌው ሶፍትዌር አዲሱን ማሽን እንዳይነካ ተብሎ በሣጥን ተከተተ፤ አሁን ስለ አሮጌው ሲባል የአዲሱ ማሽን ጥበቃ ዝቅ እንዲል ይጠየቃል። ሣጥኑ ችግሩን አልከለለውም፤ ወደ ታች አወረደው እንጂ።

አሁን ወደ ግንባታው እንመለስ። አሮጌ ኢሜጅ የሚሠራ ሰው የሚመርጠው የመጀመሪያ መንገድ በዘመኑ የነበረውን መሠረት ማምጣት ነው፤ ይኸውም «ሴንት ኦ ኤስ 7ን አምጣ፥ ኦፕን ኤልዳፕን በዩም ጫን» የሚል ባለ ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ለዓመታት ሠርቷል። ሴንት ኦ ኤስ 7 ግን ሰኔ 30 ቀን 2024 ዘመኑ ተፈጸመ፤ የመስታወት ዝርዝሩን የሚሰጠውም አድራሻ ተዘጋ፤ ፓኬጆቹ ቮልት ወደሚባለው ማኅደር ተዛወሩ። በዚያ ጊዜ ትናንት ሲሠራ የነበረው የግንባታ ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት መሥራት አቆመ። ዴቢያንም አሮጌ እትሞቹን እንዲሁ ወደ ማኅደር ስለሚያዛውር የአድራሻው ዝርዝር ካልታረመ አይጫንም። ታዲያ የግንባታው ጽሑፍ «ከዜሮ እንደ ገና ለመሥራት ያስችለናል» ተብሎ የተወደሰው ጽሑፍ ነው። እኛ እንደምናየው በጽሑፉ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ስም ብቻ ነው፤ ዕቃው ያለው በሰው ቤት ነው። ፓኬጆቹን፥ የምንጭ ኮዱን ጥቅልና የመሠረቱን ኢሜጅ ራሱን በራሱ ዲስክ ላይ አውርዶ ያላኖረ ሰው ግንባታ አለኝ ሊል አይችልም፤ የግንባታ ተስፋ አለኝ ቢል ይሻለዋል።

ሁለተኛው መንገድ አሮጌውን ምንጭ ኮድ በአዲስ መሠረት ላይ ማጠናቀር ነው። ይህ የበለጠ ሥራ የሚጠይቅ፥ በእኛም አስተያየት የበለጠ የሚያስተምር መንገድ ነው፤ አደጋው ግን ስውር ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል በ1.1 እትሙ፥ በ2016፥ የውስጥ መዋቅሮቹን ስለ ሸፈነ እነርሱን በቀጥታ የሚነካ አሮጌ ኮድ አይጠናቀርም። የጂሲሲ አጠናቃሪ በዐሥረኛው እትሙ፥ በ2020፥ በሁለት ፋይል ውስጥ ሳይጠነቀቁ የተደገመን ተለዋዋጭ መታገሥ ተወ፤ በዐሥራ አራተኛው፥ በ2024፥ ያልታወጀ ፈንክሽን መጥራትን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስሕተት አሳደገው። እነዚህ ሁሉ የሚጮኹ ስሕተቶች ስለ ሆኑ የሚፈሩ አይደሉም። የሚፈራው የማይጮኸው ነው። የአሮጌ ምንጭ ኮድ «ኮንፊገር» የተባለው መርማሪ ጽሑፍ በማሽኑ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቀው ትንንሽ ፕሮግራሞችን እየጻፈ አጠናቅሮ በማየት ነው። እነዚያ ትንንሽ ፕሮግራሞች ራሳቸው በአሮጌ ልማድ የተጻፉ ከሆኑ በአዲሱ አጠናቃሪ ዘንድ ይወድቃሉ፤ መርማሪውም «ይህ ችሎታ በዚህ ማሽን ላይ የለም» ብሎ መዝግቦ በዝምታ ያልፋል። ግንባታው በሰላም ይፈጸማል፤ የወጣው ሰርቨር ግን አንድ አካሉ የጐደለ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ፥ በተለይ ለማውጫ የሚከብድ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ2.4 ዘር ውስጥ ክሪፕት በሚባለው በአሮጌው የዩኒክስ ዘዴ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የመመርመር ችሎታ በግንባታ ጊዜ ተለይቶ ካልታዘዘ አይካተትም። የስርጭት ባለቤቶች ፓኬጁን ሲሠሩ ያዝዙታል፤ በእጁ የሚያጠናቅር ተማሪ ግን ሊረሳው ይችላል። ሰርቨሩ ይነሣል፤ ፍለጋ ይመልሳል፤ ስሞቹም ሁሉ አሉ። ዳሩ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የተመዘገቡት ሰዎች ብቻ ለመግባት ሲሞክሩ 49 የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ትርጓሜው «የይለፍ ቃልህ ልክ አይደለም» ማለት ነው። አዲሶቹ ሠራተኞች በሌላ ዘዴ ስለ ተመዘገቡ ይገባሉ። እንግዲህ ነገሩን ከውጭ የሚመለከት ሰው ሽማግሌዎቹ የይለፍ ቃላቸውን ረሱ ብሎ ይፈርዳል። በአንድ የማጠናቀሪያ ቃል ጕድለት የሰው ክብር ይነካል።

ሦስተኛው መንገድ ሌላ ሰው የሠራውን ኢሜጅ መውሰድ ነው፤ ከሁሉ የተለመደው ይኸው ነው። ለምሳሌ ያህል ኦሲክሲያ በሚል ስም የሚታወቀው የኦፕን ኤልዳፕ ኢሜጅ በብዙ ሥፍራ ተሰራጭቷል፤ በ2021 የወጣው 1.5.0 እትሙ 2.4.57ን የያዘ ነው። ሠሪዎቹ በነጻ ላደረጉት አገልግሎት ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኛም ሥራቸውን ስንተች ንቀት የለንም። ነገር ግን ኢሜጁ ምንም ሳይነገረው ቢነሣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል «አድሚን» የሚል ሆኖ ይነሣል። ይህ ለመማሪያ የተመቸ፥ ለመሥሪያ ቤት የማይገባ ምርጫ ነው። ሌላም አለ። መዝገቡና የሰርቨሩ ደንብ በሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ውስጥ ስለሚቀመጡ ሁለቱም ከኮንቴይነሩ ውጭ መኖር አለባቸው። መዝገቡን ብቻ ወደ ውጭ አውጥቶ ደንቡን የተወ ሰው ኮንቴይነሩን ባደሰ ቀን አንዱ ሙሉ ሌላው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ የመነሻ ጽሑፉም ይህን አይቶ አልነሣም ይላል። ማለቱ መልካም ነው፤ ዝም ብሎ በባዶ ደንብ ቢነሣ የባሰ ይሆን ነበር። ደግሞም ለኢሜጁ በአካባቢ ተለዋዋጮች የሚሰጠው መመሪያ የሚነበበው በመጀመሪያው መነሻ ብቻ ነው። ከዓመት በኋላ የይለፍ ቃሉን በዚያው ቦታ ላይ ለውጦ «ለወጥሁ» የሚል ሰው ምንም አልለወጠም።

ደግሞ የሰው ኢሜጅ የሰው ነው። ቢትናሚ የተባለው ስብስብ ለብዙ ዓመታት ኦፕን ኤልዳፕን ጨምሮ የተዘጋጁ ኢሜጆችን በነጻ ሲያድል ቈይቶ በ2025 ባለቤቱ ብሮድኮም አሠራሩን ለወጠና አሮጌዎቹን እድሳት ወደማያገኙበት የተለየ ማኅደር አዛወራቸው። በስሙ ብቻ ሲጠሩት የነበሩ ሁሉ አድራሻቸውን ለማረም ተገደዱ። ባለቤቱ መብቱ ነው፤ ጥያቄው በመብቱ ላይ የበር ጠባቂነትን ማቆም ይገባ ነበርን የሚል ነው።

ስለ ማስኬዱ ደግሞ ጥቂት እንበል፤ ክርክራችን የሚጠነክረው በዚህ ነው። ስላፕዲ የተጻፈው ሲነሣ ራሱን ወደ ጀርባ እንዲያሳልፍ፥ የሥራ መዝገቡንም ወደ ሲስሎግ እንዲልክ ነው። በኮንቴይነር ውስጥ ሁለቱም አይስማሙም። ዋናው ሂደት ወደ ጀርባ ካለፈ ኮንቴይነሩ ሥራ አለቀ ብሎ ይዘጋል፤ ሲስሎግም በውስጡ የለም። ስለዚህ ከፊት እንዲቆም የሚያደርገው የማረሚያ ምልክት ይሰጠዋል። ይህን ያህሉ ቀላል ነው። መዝጊያው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዶከር ኮንቴይነሩን ሲያቆም በመጀመሪያ የትሕትና ምልክት ይልካል፤ ዐሥር ሴኮንድ ጠብቆ ካልቆመ በግድ ይገድለዋል። ሰርቨሩን የሚያስነሣው የሼል ጽሑፍ ቦታውን ለሰርቨሩ ሳይለቅ እንደ ወላጅ ቆሞ የቀረ እንደ ሆነ ምልክቱ ከወላጁ ላይ ይቀራል፤ ልጁ አይሰማም፤ ዐሥሩ ሴኮንድ ያልፋል፤ ሰርቨሩ በመጻፍ ላይ ሳለ ይገደላል። ኤልኤምዲቢ እንዲህ ያለውን ሞት ለመቋቋም የተሠራ ነው። በርክሊ ዲቢ ግን ከሎጉ መዳንን ይጠይቃል፤ መነሻውም በዚያ መጠን ይረዝማል፤ ሎጎቹ የተሰረዙበት ቢሆን ተስፋው የመጠባበቂያ ቅጂው ነው። እንግዲህ «ኮንቴይነር ከብት እንጂ የቤት ልጅ አይደለም፤ ይታረዳል ይተካል» የሚለው የዘመኑ ፍልስፍና ከአሮጌው በርክሊ ጋር ሲገናኝ መዝገብ ያርዳል።

አንድ ሌላ ነገር፥ ትንሽ ቢመስልም ብዙዎችን ያስገረመ፥ መጥቀስ ይገባል። ስላፕዲ ሲነሣ ስንት ፋይል እንዲከፍት እንደ ተፈቀደለት ጠይቆ በዚያው ልክ የግንኙነቶች ሠንጠረዥ በሜሞሪ ውስጥ ያዘጋጃል። በአሮጌው ማሽን ገደቡ 1,024 ነበርና ሠንጠረዡ ትንሽ ነበር። በዶከር ሥር ገደቡ 1,048,576 ሲሆን ይገኛል። ስለዚህ ሠላሳ ሰው እንኳ ያልተመዘገበበት ማውጫ ገና ሲነሣ በመቶዎች የሚቈጠር ሜጋባይት ይበላል፤ ገደቡ ከዚያም በላይ በሆነበት ማሽን ጨርሶ አይነሣም። ፕሮግራሙም አልተሳሳተም፤ ዶከርም አልተሳሳተም። በ1990ዎቹ የተወለደ ልማድና በ2010ሮቹ የተወለደ ልማድ በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። በመነሻ ጽሑፉ ላይ ገደቡን ወደ 1,024 የሚመልስ አንድ መስመር ይበቃል፤ ነገር ግን ያቺን መስመር ለምን እንደ ጻፏት ከጎኗ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ሰው ያለ ጥቅም የተቀመጠች መስሎት ይሰርዛታል። በኤልኤምዲቢም ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ ሠሪዎቹ በኔትዎርክ ላይ ባለ የፋይል ሥርዐት እንዳይቀመጥ በግልጽ ከልክለዋል፤ የኮንቴይነር አስተናጋጆች ደግሞ ማኅደርን ከሁሉ አስቀድመው የሚያኖሩት ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

የአሮጌውን ማውጫ ይዘት በተመለከተ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚነካ አንድ ጕዳይ አለ። ኤልዳፕ ከኤክስ 500 የወረሰው «ሰው» የተባለው የመዝገብ ዐይነት ሁለት ነገሮችን ያስገድዳል፤ ሙሉ ስምና የቤተ ሰብ ስም። የቤተ ሰብ ስም የሌለው ሰው በደንቡ መሠረት ሊመዘገብ አይችልም። እኛ ደግሞ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም እንጂ። ስለዚህ የአባቱን ስም በቤተ ሰቡ ቦታ የሚያስገባ አለ፤ የአያቱን የሚያስገባ አለ፤ «የአያት ስም» የሚል አዲስ ባሕርይ በራሱ የደንብ ፋይል ጽፎ የሚጨምርም አለ። ሦስተኛው የተሻለ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ያ የተጨመረ ፋይል ከሰርቨሩ ፓኬጅ ውስጥ የሌለ፥ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በእጁ የጻፈው ነው። ከውጭ የመጣው ኢሜጅ አያውቀውም፤ መዝገቡ ሲጫንበት «እንዲህ ያለ ባሕርይ አላውቅም» ብሎ ይመልሰዋል። በችኮላ ያለ ሰው የማይታወቀውን መስመር ከመዝገቡ ላይ ጠርጎ ይጭናል፤ የብዙ ሺሕ ሰው የአያት ስም በአንድ ትእዛዝ ይጠፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

ስሞቹ በፊደላችን የተጻፉ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ መጋረጃ አለ። ሦስተኛው የኤልዳፕ እትም ጽሑፍን በዩቲኤፍ 8 ስለሚቀበል «ኃይለ» ብሎ መመዝገብ ይቻላል። መዝገቡ ወደ ጽሑፍ ፋይል ሲገለበጥ ግን፥ ኤልዲፍ በተባለው በ2000 በወጣው ደንብ መሠረት፥ ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል ሁሉ በቤዝ 64 ተለውጦ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ሌላ ሁለት ነጥብ ተደርጎለት ይጻፋል። ስለዚህ ዝውውሩን በዐይኑ የሚመረምር ሠራተኛ የእንግሊዝኛውን ስም ያነባል፤ የአማርኛውን ግን ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ያገኘዋል፤ ተበላሽቶ ቢሆንም አያውቅም። በተጨማሪም ሰርቨሩ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ሲያነጻጽር አንድ ያደርጋቸዋል፤ «ኃ»ን ከ«ሀ»፥ «ሠ»ን ከ«ሰ» ጋር ግን አንድ አያደርግም። ይህ የኮንቴይነር ጥፋት አይደለም፤ ማውጫን የሚያዛውር ሰው ግን ያለ ኮንቴይነርም ቢሆን ማወቅ ያለበት ነው፤ ስለ ሣጥኑ ብዙ የሚጽፉት ስለ ይዘቱ ዝም ስለሚሉ አነሣነው።

ኦፕን ኤልዳፕ ከ2.3 ጀምሮ የራሱን ደንብ በራሱ ማውጫ ውስጥ ያኖራል፤ አስተዳዳሪው ሰርቨሩን ሳያስቆም ደንቡን ይለውጣል። ለዘመኑ ታላቅ መሻሻል ነበር። ኮንቴይነር ግን ደንብ ከውጭ በጽሑፍ ይግባ፥ ውስጡ አይለወጥ የሚል እምነት አለው። ሁለቱ እምነቶች አይታረቁም፤ አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን ሳይመርጥ ሁለቱንም ይዞ ይጓዛል፤ በኋላም ትክክለኛው ደንብ የትኛው እንደ ሆነ የሚናገር ይጠፋል። እርስ በርስ የሚገለባበጡ ሁለት ሰርቨሮች ያሉ እንደ ሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ራሱን የሚለየው በቍጥሩና በተዘረዘረው አድራሻ ነው፤ ኮንቴይነር ግን ካልተነገረው በተነሣ ቍጥር አዲስ ስም ያወጣል። ስሙን የማያውቅ ሰርቨር ከወንድሙ ጋር ሊነጋገር አይችልም።

በዚህ ረገድ የ389 ሠሪዎች ያደረጉት ሊመሰገን ይገባል። አሮጌው የመጫኛ ጽሑፋቸው በፐርል የተጻፈ ሆኖ የማሽኑን ሙሉ ስም እየጠየቀ በደንቡ ውስጥ ይቀርጽ ነበር፤ እርሱን በኢሜጅ ግንባታ ጊዜ ያካሄደ ሰው የአንድ ማሽን ስምና የይለፍ ቃል የታተመበት ኢሜጅ ያገኛል፤ ኢሜጁን ያገኘ ሁሉም ያገኘዋል። ሠሪዎቹ ይህን አሮጌ ጽሑፍ በሣጥን ውስጥ ለማስገባት አልታገሉም፤ ለኮንቴይነር የተለየ መነሻ ፕሮግራም ጻፉ። መዝገብ፥ ደንብና ሰርተፍኬት ሁሉ ዳታ በተባለ አንድ ፎልደር ሥር ይቀመጣሉ፤ በሩም ያለ ሩት ሥልጣን እንዲከፈት 389 ሳይሆን 3389 ሆነ። ሶፍትዌሩ ለሣጥኑ ሲባል ተለወጠ ማለት ነው። ልዩነቱ በዚህ ላይ ነው፤ የአሮጌው 2.4 ደጋፊዎች ሶፍትዌሩ ሳይለወጥ ሣጥኑ ሁሉን እንዲሸከም ይጠብቃሉ።

ታዲያ ኮንቴይነር ለአሮጌ ማውጫ ምንም አይጠቅምምን? ይጠቅማል፤ እንዲያውም በጣም ይጠቅማል። ጥቅሙ ግን ለማኖር ሳይሆን ለማውጣት ነው። አሮጌው ማሽን ቢሞት የበርክሊውን ፋይሎች የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ያም በትክክል የዚያ ዘመን ፕሮግራም መሆን አለበት። እርሱን በኮንቴይነር አቁሞ፥ የፋይሎቹን ቅጂ (ዋናውን ሳይሆን) አቅርቦ፥ ስላፕካት በተባለው መሣሪያ መዝገቡን ወደ ኤልዲፍ መገልበጥ፥ ከዚያም በ2.6 ላይ በስላፕአድ መጫን የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ኮንቴይነሩ ከኔትዎርክ ተለይቶ ለአንድ ሰዓት ይሠራና ይዘጋል። የይለፍ ቃልና ሥልጣን የሚጠባበቅ በር ሆኖ ለዓመታት አይቆምም። የግንባታው ጽሑፍ ከነፓኬጆቹ ተጠብቆ ቢቀመጥ የመጠባበቂያ ቅጂዎችን ከዐሥር ዓመት በኋላም ለማንበብ ያስችላል፤ ለታሪክ ማኅደር የሚሆን እውነተኛ አገልግሎት ይህ ነው።

በማውጣቱም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንዶች ስላፕካትን ትተው በተራ የፍለጋ ትእዛዝ ይገለብጣሉ። ሰርቨሩ ግን ካልተነገረው በቀር ለተራ ጠያቂ ከ500 በላይ መዝገብ አይመልስም፤ በአስተዳዳሪነት ያልገባ ሰው ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 500 ብቻ ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ተራ ፍለጋ ሰርቨሩ ለራሱ የሚይዛቸውን ባሕርያት፥ ከእነርሱም መካከል ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠውን የማይለወጥ መለያ፥ ተለይቶ ካልተጠየቀ አያወጣም። በአዲሱ ሰርቨር ላይ ሁሉም አዲስ መለያ ይወጣላቸዋል፤ ሰውን በዚያ መለያ የሚያውቁት ፕሮግራሞችም የቈየውን ሠራተኛ እንደ እንግዳ ይቀበሉታል።

በሌላ ወገን የሚቀርበውን መልስ ሳንሰማ አናልፍም። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ከአሮጌው ሰርቨር ጋር ብቻ የሚነጋገር፥ ሠሪው የጠፋ ፕሮግራም አለው፤ ስለዚህ አሮጌውን ማኖር ግዴታ ነው ይላሉ። ከላይ እንደ ተባለው ቋንቋው ከ1997 ወዲህ አንድ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው አሮጌ ጠያቂ ከአዲሱ ሰርቨር ጋር በደኅና ይነጋገራል። እውነተኛው እንቅፋት ብዙ ጊዜ በምስጠራው በኩል ነው፤ አሮጌው ጠያቂ ቲኤልኤስ 1.0 ብቻ ያውቃል፤ እርሱም በመጋቢት 2021 በይፋ ከአገልግሎት እንዲወጣ ታውጇል፤ አዲሶቹ ላይብረሪዎችም እምቢ ይሉታል። ለዚህ ሲባል ግን ሙሉውን ማውጫ ከነይለፍ ቃሉ በአሮጌ ሰርቨር ላይ ማቈየት ለአንድ የጐበጠ ሰው ሲባል የቤቱን በር ሁሉ ዝቅ አድርጎ እንደ መሥራት ነው። አዲሱን ሰርቨር ለሁሉ አቁሞ፥ ለዚያ አንድ ፕሮግራም ብቻ ምስጠራውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ትንሽ አማላጅ በኮንቴይነር ማስቀመጥ ይቻላል። አማላጁ መዝገብ የለውም፤ ቢሞት ይተካል፤ የሚያመልጠው ምሥጢርም የዚያ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው።

የመጨረሻው መከራከሪያ የጊዜ ነው፤ «አሁን ሣጥን ውስጥ እናኑረው፤ ወደ አዲሱ የሚዛወረው በኋላ ነው» ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ሐሰተኞች አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። ነገር ግን አሮጌው ማሽን በጥግ ቆሞ ሲጮኽ፥ ዲስኩ ሲያረጅ፥ አንድ ሰው ያስታውሰው ነበር። በኮንቴይነር ውስጥ ድምፅ የለውም፤ ከሌሎች ሠላሳ ኮንቴይነሮች መካከል አንድ መስመር ነው፤ መልኩም ዘመናዊ ነው። የሚያውቀው ሰው መሥሪያ ቤቱን በለቀቀ ጊዜ ተተኪው በውስጡ 2.4 መኖሩን የሚያውቅበት ምልክት የለም። ስለዚህ በእኛ በኩል አሮጌውን ሰርቨር በኮንቴይነር ለማኖር የሚጠይቅ ሁሉ ከጥያቄው ጋር የሚዘጋበትን ቀን፥ የሚዘጋውን ሰው ስምና በስላፕካት የተገለበጠውን የመዝገብ ብዛት ጽፎ እንዲያቀርብ ቢደረግ እንላለን። ቍጥሩን ለማግኘት የግድ መዝገቡን አንድ ጊዜ ማውጣት ስለሚኖርበት፥ ከሥራው ግማሹ በዚያው ዕለት ይፈጸማል።